ተገልብጣ የተንጠለጠለችው የአኻያ ቁራጭ

ቅርንጫፉ እስከ መሬት የሚዘናፈለውን አኻያ አስቀድሜ ያወቅሁት በመዝሙረ ዳዊት ነው፤ የባቢሎን ምርኮኞች መሰንቋቸውን የሰቀሉበት ዛፍ ብዬ። ስዊድናዊው የዕፅዋት ሊቅ ሊኔየስም እ.ኤ.አ. በ1753 «ሳሊክስ ባቢሎኒካ» ብሎ የመዘገበው ያንኑ መዝሙር አስቦ ነው። ዛፉ ግን የቻይና ተወላጅ ነው። በኤፍራጥስ ዳር የነበረው የአኻያ ዘመድ የሆነ የፖፕላር ዓይነት ሳይሆን አይቀርም።

እኔ ያባዛሁት በቁራጭ ነው። ዛፉ ቅጠሉን አራግፎ አዲስ ጉንቁል ሳያወጣ፣ እርሳስ የሚያህል ውፍረት ያላቸው ሦስት ቅርንጫፎች ቆረጥሁ፤ ርዝመታቸው 25 ሴንቲ ሜትር ገደማ። በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ በፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ አንጠለጠልኋቸው። በሁለተኛው ሳምንት ስፈታቸው ቅርፊቱ እዚህም እዚያም ተሰንጥቆ ነጫጭ ሥር ብቅ ብሏል። አንዷ ላይ ግን ሥሩ የበዛውና የረዘመው ከላይ በኩል ነበር! ደጋግሜ አገላብጬ ካየኋት በኋላ ነው የገባኝ፤ ያንጠለጠልኋት ገልብጬ ነው። ወደ ላይ የዞረው ጫፍ በፊት ወደ ግንዱ የነበረው ነው፤ ሥሩም የወጣው ከዚያው።

ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሄርማን ፎሽቲንግ እ.ኤ.አ. በ1878 ባሳተመው ሥራው ይህንኑ በአኻያ ቁራጮች አሳይቷል። ቁራጩ ቢገለበጥም የግንድ ወገኑን አይስትም፤ ሥር እንዲወጣ የሚያደርገው ኦክሲን የተባለው ሆርሞን የሚጓዘው ወደዚያ ነውና። የሥሩ ጅማሬም ቅርንጫፉ ገና ሳይቆረጥ ከቅርፊቱ በታች ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። ከዚያ ወዲህ የታችኛውን ጫፍ ሰያፍ፣ የላይኛውን ቀጥ አድርጌ እቆርጣለሁ፤ አልሳሳትም።

የከፋው ስህተቴ ቦታ መምረጥ ላይ ነው። አንዷን ከፍሳሽ ቱቦ 4 ሜትር ርቀት ላይ ተከልኋት። በአምስተኛው ዓመት ቱቦው ተደፈነ፤ ቆፍረን ስንከፍተው በመጋጠሚያው ስንጥቅ የገባ ሥር እንደ ጠጉር ተጠላልፎ ሞልቶታል። አኻያ ውኃ ፈላጊ ነው። ዛሬ ቢሆን ከቤትና ከቱቦ ቢያንስ 15 ሜትር ካላራቅሁ አልተክልም፤ ስፍራ ከሌለኝም ጭራሹን እተወዋለሁ።

ዛፏን ማስቆረጥ ግድ ሆነብኝ፤ በጣም አዘንሁ። ከመቆረጧ በፊት ግን አራት ቁራጭ ወሰድሁ። እ.ኤ.አ. በ1821 ናፖሊዮን በሴንት ሄለና ደሴት አኻያ ጥላ ሥር ሲቀበር መቃብሩን ሊያዩ የመጡ ሰዎች ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ ቅርንጫፍ እየቆረጡ ወደየአገራቸው ወሰዱ። ቁራጭ የእናቱ አካል ነው፤ የአኻያ ወንዴና ሴቴ ዛፍ ለየብቻ ነውና ጾታው እንኳ አይለወጥም።

ከአራቱ ሁለቱ ጸደቁ። ዘንድሮ ትልቋ ለመጀመሪያ ጊዜ አበበች፤ አበባዋ አባጨጓሬ የሚመስል፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ ብናኝ የሌለው። እንደ እናቷ ሴቴ ናት።