ቬሮና በጋቢ

እውነቱን ለመናገር ጣሊያን ውስጥ ያለችው ቬሮና የሄድኩት ለጥንቱ የድንጋይ ግንብ ብዬ አይደለም። ለአይዳ ነው። ጣሊያናዊው የሙዚቃ ደራሲ ቨርዲ በስሟ በጠራው ኦፔራ፣ ማለትም በዘፈን በሚቀርብ ድራማ፣ ውስጥ ያለችው አይዳ የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት፤ ተማርካ ግብጽ ውስጥ ባሪያ የሆነች። ሚላን ይህን ያህል ዓመት ኖሬ ሳላያት መቅረቴ አሳፈረኝ።

ቬሮና መሀል ከተማ ያለው የሮማውያን አምፊቲያትር፣ ጣሪያ የሌለው የትርኢት ግንብ፣ አረና ይባላል። የተሠራው በ1ኛው ክፍለ ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1117 የመሬት መንቀጥቀጥ የውጭውን ግንብ ንዶት፣ ዛሬ ከእሱ የቆመው አራት ቅስት ብቻ ነው። የበጋው የኦፔራ ፌስቲቫል የጀመረበት እ.ኤ.አ. በ1913 ሲሆን የመጀመሪያዋም አይዳ ነበረች።

ትኬት በኢንተርኔት ገዛሁ፤ ርካሹን፣ ቁጥር የሌለውን የላይኛውን የድንጋይ ደረጃ። ከሚላን በባቡር፣ ከጣቢያው ሃያ ደቂቃ በእግር። እዚህ ድረስ ሰላም ነው።

አብረውኝ የመጡት ጎረቤቴ እትዬ የያዙት ጋቢ ነው። «በሐምሌ ጋቢ?» ብዬ ሳቅኩ። «ድንጋይ ላይ ነው የምንቀመጠው አላልሽም?» አሉኝ። ድንጋዩ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲጠጣ ውሎ እንደ ምጣድ ግሏል። በአሥር ደቂቃ ውስጥ የጋቢውን ጫፍ ለመንኳቸው። ሰው ሁሉ «አንድ ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ» ይላል። አትስሙ። ሁለት ሰዓት ቀድማችሁ ግቡ፤ እኛ የደረሰን መድረኩን በጎን የሚያይ ቦታ ነበር።

ማታ ሦስት ተኩል ላይ ተጀመረ። ሁለተኛው ክፍል ማብቂያ ላይ የአይዳ አባት ተማርኮ ሲገባ እትዬ «ወይኔ፣ እሱንም ያዙት!» ብለው ክንዴን ጨበጡኝ። እኔ የምጠብቀው ሦስተኛውን ነው። አይዳ አባይ ዳር ቆማ አገሬን ዳግም አላይም ብላ የምታለቅሰው እዚያ ነው። ለዚያች ዘፈን ነው የመጣሁት።

ዕረፍት ላይ አንድ ጠብታ አፍንጫዬ ላይ አረፈ። ሙዚቀኞቹ ከእኛ ቀድመው አወቁ። አንዷ ቫዮሊኗን እንደ ሕፃን ኮቷ ውስጥ ሸሽጋ ሮጠች። እኛም ወርደን ቅስቱ ስር ተጠለልን። አንዱን አስተናጋጅ ብጠይቀው «ትንሽ ጠብቁ» አለ። ከግማሽ ሰዓት በኋላም «ትንሽ»። እኩለ ሌሊት አለፈ፤ ከዚያ ተሰርዟል ተባለ። አንዴ ከተጀመረ ገንዘብ አይመለስም። ትኬቱ ላይ ተጽፏል፤ ያላነበብኩት እኔ ነኝ። እስካሁን የሚያበግነኝም ይኸው ነው።

ሌላም ጥፋት አለብኝ። ኦፔራው በደህና ቢያልቅ እንኳ ወደ ሚላን የሚመለስ ባቡር እንደማይኖር አላጣራሁም። ለአልጋ ልከፍል ያልፈለግኩትን ጣቢያው ደጃፍ በብርድ ከፈልኩት። የኦፔራ ትኬት ከመግዛታችሁ በፊት ማደሪያ ያዙ። ገንዘቡ ካልበቃ ኦፔራው ይቅር፤ ቀን ሄዳችሁ ግንቡን አይታችሁ ተመለሱ።

ሊነጋጋ ሲል እትዬ ጋቢውን በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላ በኩል ይዘን ጨመቅነው።

«ለመሆኑ ልጅቷ በመጨረሻ አገሯ ትገባለች?» አሉኝ።

ሚላን እስክንደርስ አልነገርኳቸውም።