የደፈረሰውን የመኪና መብራት እንዴት አጠራሁት

ሱሉልታ ለሚኖር ሰው የመኪና የፊት መብራት የጌጥ ጉዳይ አይደለም። ሲመሽ ከአዲሱ ገበያ ተነስቶ የእንጦጦን ሸንተረር ተሻግሮ የሚመለስ ሾፌር በክረምት ጭጋጉ አስፋልቱ ላይ ሲተኛ እንጨት የተሸከሙ ሴቶችን፣ አህዮችንና ጥቁር ካፖርት የለበሰ እግረኛ የሚያየው በዚያ መብራት ብቻ ነው። የእኔ አሮጌ ኮሮላ መብራት ጠጅ እንደተቀዳበት ብርሌ ቢጫ ሆኖ ነበር። አምፖሉ አዲስ ነው፣ ባትሪውም ደህና ነው፤ ብርሃኑ ግን ክዳኑን አልፎ መውጣት አቅቶታል።

የዛሬ መኪኖች የመብራት ክዳን ከፖሊካርቦኔት የሚሠራ ፕላስቲክ ነው። ቀላል ነው፣ ጠጠር ሲመታው አይሰበርም፣ ነገር ግን የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ያረጀዋል። የድሮ ቮልስዋገን መብራት እስከ ዛሬ ጥርት ብሎ የሚታየው መስታወት ስለሆነ ነው። ፋብሪካው ይህን ስለሚያውቅ ፕላስቲኩን ጨረር በሚከላከል ስስ ሽፋን ይለብጠዋል፤ የሚደፈርሰውም ያ ሽፋን ሲያልቅ ነው። መብራቱን ጠጋ ብሎ ላየው ሰው ምስክሩ እዚያው አለ፤ ወደ ሰማይ የሚያየው የላይኛው ግማሽ ቢጫ ሆኖ ይላጣል፣ ፀሐይ በቀጥታ የማይመታው የታችኛው ጠርዝ ግን ንጹህ ነው። የእኛ አገር ከፍታ ደግሞ ነገሩን ያፋጥነዋል። በየ1,000 ሜትሩ የአልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ አዲስ አበባ ከባህር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ ሱሉልታ ደግሞ ከእርሷም ትበልጣለች።

ሥራውን ከመጀመሬ በፊት ክዳኑ ላይ ውሃ አፈሰስኩበት። ውሃው እስኪደርቅ ድረስ መብራቱ ጠራ። ይህ ጉዳቱ ከውጭ በኩል መሆኑን ያሳያል፤ ውሃው ጥቃቅን ጭረቶቹን ስለሚሞላ ብርሃኑ አይበተንም። ውሃ ፈስሶበትም ጉም የማይለቀው ከሆነ እርጥበቱ ውስጥ ገብቷል፣ በውጭ በኩል የቱንም ያህል ቢፈተግ ዋጋ የለውም።

ከዚያ በሳሙና አጥቤ፣ ቀለሙ እንዳይጫር ዙሪያውን በወረቀት ፕላስተር ሸፈንኩ። የብርጭቆ ወረቀቱን ከሻካራው፣ ከ600 ቁጥር ጀመርኩ፣ ምክንያቱም አሮጌው ሽፋን ተቆራርጦ የተላጠ ነበርና። ወረቀቱም መብራቱም ሁልጊዜ እርጥብ መሆን አለባቸው። መጀመሪያ የሚወርደው ውሃ ቢጫማ ወተት ይመስላል፤ ያ እየፈሰሰ ያለው ያረጀው ሽፋን ነው። ውሃው ነጭ እስኪሆን ድረስ ማቆም አይገባም፤ አንድ ጥግ ላይ አሮጌ ሽፋን ከቀረ ኋላ ድንበሩ እንደ ካርታ መስመር ይታያል። ቀጥሎ ለስለስ ያለው 1,000፣ ከዚያ 1,500፤ በየቁጥሩ የእጄን አቅጣጫ እያቋረጥኩ፣ የቀደመው ወረቀት ጭረት ጠፍቶ እንደሆነ እያየሁ። በዚህ ጊዜ መብራቱ ከበፊቱ ብሶ ነጭ ጭጋግ ይሆናል። መደንገጥ አያስፈልግም።

ብዙ ሰው ከዚህ በኋላ ፖሊሽ ቀብቶ፣ አንዳንዱም በጥርስ ሳሙና ፈትጎ፣ ያብረቀርቅና ይጨርሳል። ለጊዜው ያምራል። ነገር ግን የፋብሪካው መከላከያ ተፍቆ አልቋል፣ ፕላስቲኩ ራቁቱን ነው፤ በእኛ ፀሐይ በጥቂት ወራት ውስጥ ተመልሶ ይበጫል። እኔ የምለው ይህ ነው፦ ማጥራቱ የሥራው ትንሹ ክፍል ነው፣ ዋናው መልሶ መሸፈኑ ነው። ስለዚህ ፖሊሹን ጨርሶ ተውኩት። የመኪና ቀለም ላይ የሚነፋው፣ ከማድረቂያ ጋር የሚቀላቀለውና ከአልትራቫዮሌት የሚከላከለው ግልጽ ቫርኒሽ በተፈተገ ገጽ ላይ አጥብቆ ይይዛል፣ ጭረቶቹንም ራሱ ሞልቶ ያጠፋቸዋል።

ከመንፋቱ በፊት ገጹን ከመድኃኒት ቤት በሚገዛ አልኮልና ክር በማይለቅ ጨርቅ ጠራረግኩ። ቤንዚንና ቲነር ፕላስቲኩን ከውስጥ ስለሚሰነጣጥቁት አጠገቡ መድረስ የለባቸውም። መንፊያ መሣሪያ ስለሌለኝ ወደ ሰፈራችን ባቲላሜራ ወሰድኩት። ቀለም ቀቢው መጀመሪያ ስስ አድርጎ ነፋ፣ ጥቂት ጠብቆ ደግሞ ወፈር አድርጎ ደገመው። የማድረቂያው ትነት ሳንባን ስለሚጎዳ ማጣሪያ ያለው ጭንብል ማድረግ ግዴታ ነው፤ ተራ የአፍ መሸፈኛ አይበቃም። ሰዓቱንም መርጠናል። የሱሉልታ ጠዋት ይበርዳል፣ ቫርኒሽ በብርድ አይደርቅም፤ ፀሐይ ሞቅ ካለች በኋላ ነፍተን የማታው ጤዛ ሳይመጣ ደረቀ። በበጋ ነፋስ አቧራ እንዳይለጠፍበት መሬቱን ውሃ ረጨንበት።

ሆን ብዬ አንዱን መብራት ብቻ አስጨርሼ ወደ ቤት መለስኩት፤ ሲመሽ ከግቢው ግድግዳ ፊት ለፊት አቆምኩት። ያልተሠራው በኩል ብርሃኑ ቅርጽ የሌለው ቢጫ ነገር ሆኖ ግድግዳው ላይ ተበትኗል፤ የተሠራው ግን የአጭር መብራቱ የላይኛው መስመር በቢላዋ የተቆረጠ ያህል ቀጥ ብሏል። የአሜሪካ የአውቶሞቢል ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ፍተሻ የደፈረሰ መብራት የአዲሱን 20 በመቶ ያህል ብርሃን ብቻ እንደሚሰጥ፣ ሲታደስ ግን ወደ 70 በመቶ እንደሚመለስ ገልጿል። የግድግዳውን ልዩነት ካየሁ በኋላ ቁጥሩ አልገረመኝም። አዲስ የሚያህል አይሆንም፤ ክዳኑ ከውስጥ የተሰነጣጠቀ ወይም ከአምፖሉ ኋላ ያለው አንጸባራቂ የከሰለ ከሆነ ደግሞ የመኪና ዕቃ ወደሚሸጥበት ሱማሌ ተራ ሄዶ ደህና መብራት መፈለግ ይሻላል።

ሁለተኛውም ካለቀ በኋላ መብራቶቹን ያየ የሰፈራችን ባጃጅ ነጂ «ጋሼ፣ የእኔንም የጎን ላስቲክ እንዲህ ያጥሩልኝ» አለኝ። ደስ ቢለኝም እምቢ አልኩት። ዝናብ ለመከላከል የሚጋረደው ያ ላስቲክ ለስላሳ ፕላስቲክ ነው፤ በብርጭቆ ወረቀት ቢነካ ይቧጠጣል፣ የደረቀ ቫርኒሽም ሲጠቀለል ይሰነጠቃል። «ልጄ፣ አንተ እሱን በብዙ ውሃና በለስላሳ ሳሙና እጠበው፣ በደረቁ አትጥረገው፣ ካረጀ በሜትር ገዝተህ አስሰፋው» ብዬ ላክሁት።