«በመመካከር» የምትለዋን ቃል ከትዕዛዝ ውስጥ አውጧት

በሻለቃ ማዘዣ ጣቢያ የጋራ አመራርን እንዴት እንዳስገባሁ የምጽፈው፣ ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር አንድ ሙሉ የመስክ ልምምድ ባልባከነ ነበር ብዬ ነው።

ቀላሉን ልለፈው። ካለው ጊዜ ሲሶውን ለራሳችሁ ያዙ፤ ግዳጁ ከ12 ሰዓት በኋላ ከሆነ ትዕዛዙ በ4 ሰዓት ውስጥ ከእጃችሁ ይውጣ። ዕቅድ ሲነደፍ መረጃም፣ ዘመቻም፣ ሎጂስቲክስም ሐሳብ ያዋጣ፤ አዛዡ መጨረሻ ላይ ይናገር። ቀድሞ ከተናገረ የሌላው መዋጮ ራስ መነቅነቅ ብቻ ነው። የሻምበል አዛዦች ትዕዛዙን በራሳቸው አፍ መልሰው ያስረዱ።

የተበላሸው ተጠባባቂው መቶ ላይ፣ ማለትም ለድጋፍ በተያዘችው የመቶ ጓድ ላይ ነው። «ተጠባባቂው ኃይል አዛዡና ምክትሉ በመመካከር ይንቀሳቀሳል» ብዬ በገዛ እጄ ጻፍኩ። ያማረ ዓረፍተ ነገር ነበር፤ ዛሬም ያናድደኛል። አዛዡ ወደፊት ወጥቶ ከግንባሩ ሻምበል ጋር ነው፤ ምክትሉ ዋናው ማዘዣ ጣቢያ ተቀምጧል። የቀኙ ሻምበል ድጋፍ ሲጠይቅ ጥያቄው የደረሰው ለምክትሉ። ምክትሉ አዛዡን ቢጠራ ቢጠራ መልስ የለም፤ መሃል ላይ ኮረብታ አለ፣ ቪኤችኤፍ ሬዲዮ ደግሞ ኮረብታ አይሻገርም። አዛዡ በበኩሉ ተኩሱን በጆሮው እየሰማ፣ ምክትሉ ሊያማክረኝ ይጠራኛል ብሎ ይጠብቃል። ሁለቱም ትዕዛዙን አክብረዋል። «ሁለት ባላ ትከል» ይባላል፤ እኔ ሁለቱን ባላ ማዶና ማዶ ተክዬ፣ መቶው ሞተር አስነስቶ መሃል ተንጠልጥሎ ቀረ። ገምጋሚዎቹ «የቅንጅት ጉድለት» ብለው አለፉት። ቅንጅት መቼ ጎደለ? የጎደለው የውሳኔው ባለቤት ነው!

አሁን የምጽፈው እንዲህ ነው፦ «ተጠባባቂውን የሚያንቀሳቅሰው አዛዡ ነው። በዋናውና በመለዋወጫው ሞገድ ተጠርቶ በ3 ደቂቃ ካልመለሰ ምክትሉ ያንቀሳቅሳል፤ ከዚያ ያሳውቃል።» 3 ደቂቃዋን ከአየር ላይ አታምጧት። ሻምበሉ ብቻውን ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ ገምቱ፤ ተጠባባቂው ከቆመበት እስከ መስመሩ የሚፈጅበትን ለክታችሁ ቀንሱ፤ የተረፈው የመጠበቂያው ጣሪያ ነው። የተረፈ ከሌለ ውሳኔውን ከመጀመሪያው ለምክትሉ ስጡት። የሞርታር ቅድሚያና ከመስመር መልቀቅም እንዲሁ በአንድ ሰው ስም ይጻፉ።

አዛዡ ቢመታ ዕዙን በማዕረግ ቀጣዩ ይረከባል ይላል ደንቡ። አልስማማም። ቀጣዩ ባለማዕረግ ከአንዱ ሻምበል ጋር ተኝቶ የራሱን ፊት ብቻ እያየ ሊሆን ይችላል። ካርታውና ሬዲዮዎቹ ያሉት ዘመቻ መኮንኑ ዘንድ ነው፤ ተተኪው ሁኔታውን ሰምቶ «ተረክቤያለሁ» እስኪል ድረስ እሱ ይምራ፣ ሰዓቱም መዝገብ ላይ ይስፈር።

ዕዝን ለሁለት መክፈል የተሞከረ ነገር ነው። ሶቪየቶች ኮሚሳሩን፣ ማለትም የፖለቲካ ሹሙን፣ ከአዛዡ እኩል ማድረጉን በስታሊንግራድ ውጊያ መሃል፣ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1942 ትተውታል። የእኛው ደርግ ግን አዛዡን በኮሚሳርና በደኅንነት ሰው መሃል አስቀምጦ፣ ሥልጣኑን ለሦስት ከፍሎ ተጠያቂነቱን ለአንዱ አሸከመው።

በልምምድ ላይ የአዛዡን ሬዲዮ ለማንም ሳትናገሩ ለ20 ደቂቃ አጥፉት። ምክትሉ ትዕዛዙን ገልጦ ውሳኔው የእሱ ነው የሚለውን ዓረፍተ ነገር ማግኘት ካቃተው መልሳችሁ ጻፉት።