መጨረሻውን እያወቅሁ እንደገና ያየሁት ፊልም

ፊልምን በትኩረት የማየት ልምምድ ስጀምር የመረጥኩት በልጅነቴ ያስፈራኝን፣ የሚናገሩ ዝንጀሮዎች ሰዎችን እያደኑ የሚገዙበትን ዓለም የሚያሳየውን «ፕላኔት ኦፍ ዘ ኤፕስ» ነው፤ ፍራንክሊን ሻፍነር ያዘጋጀውንና እ.ኤ.አ. በ1968 ለእይታ የበቃውን ማለቴ ነው። እስካሁን ማስታወሻ እየያዝኩ አራት ጊዜ አይቼዋለሁ። መጨረሻውን ስለምናገር፣ ፊልሙን ያላያችሁ ንባቡን እዚህ ላይ ብታቆሙት እመርጣለሁ።

ከልጅነቴ የቀረኝ አንድ ምስል ብቻ ነበር። ቴይለር የተባለው ጠፈርተኛ ባሕር ዳርቻ ላይ ተንበርክኮ አሸዋውን በቡጢ ይመታል፤ ከፊቱ የኒው ዮርኩ የነጻነት ሐውልት ግማሽ አካሉ ተቀብሮ ቆሟል። ሩቅ ፕላኔት ላይ ያረፈ የመሰለው ሰው፣ የገዛ ወገኖቹ ያወደሟት ምድር ላይ እንደነበረ የሚያውቀው ያን ጊዜ ነው። ይህ ፍጻሜ እንደ መብረቅ በድንገት የወረደ ይመስለኝ ነበር፤ አሁን ግን ከመጀመሪያው ጀምሮ ሲነገረን እንደነበር ተረድቻለሁ።

በመጀመሪያው እይታ ፍንጭ ፍለጋ ላይ አተኮርኩ። ጎሪላዎቹ በፈረስ ሆነው ብቅ እስኪሉ ድረስ ግማሽ ሰዓት ያህል የምናየው በረሃ የሚያቋርጡ ሦስት ሰዎችን ነው፤ ልጅ ሳለሁ የሰለቸኝ ክፍል ነበር። ከሦስቱ አንዱ ትንሽ የአሜሪካ ባንዲራ ድንጋያማው መሬት ላይ ሲተክል ቴይለር በሳቅ ይፈርሳል፤ ያ ሳቅ በመጨረሻ ከሐውልቱ ሥር ወደ ጩኸት እንደሚለወጥ የሚያውቅ ተመልካች ግን አብሮት ሊስቅ አይችልም።

በሁለተኛው ድምፁን ዘግቼ ፊቶችን ብቻ ተከታተልኩ። ጆን ቻምበርስ ተዋናዮቹን ዝንጀሮ ላስመሰለበት የፊት ቅብ የክብር ኦስካር ተሸልሟል፤ የእኔን ዓይን የያዘችው ግን ቺምፓንዚዋ ዚራ ናት። ኪም ሃንተር በዚያ ወፍራም ጭንብል ሥር አፍንጫዋን ደጋግማ ስለምታንቀሳቅስ ፊቷ አንድ ጊዜም በድን አይሆንም።

ሦስተኛው የድምፅ ነበር። ጄሪ ጎልድስሚዝ የብረት ጎድጓዳ ሳህኖችንና የበግ ቀንድ ሳይቀር ለሙዚቃው ተጠቅሟል፤ በአደኑ ትዕይንት ላይ የሚሰማው ሁከት ዛሬም ልብ ያርዳል። በፍጻሜው ላይ ግን ሙዚቃ የለም፤ የሚሰማው የማዕበል ድምፅ ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ለዓመታት እዚያ ቦታ ላይ ታላቅ ሙዚቃ እንደሰማሁ አድርጌ አስታውስ ነበር።

ብዙ የተማርኩት በአራተኛው፣ ኦራንጉታኑን ዶክተር ዛይየስን ብቻ ስከተል ነው። ዛይየስ የሳይንስ ሚኒስትርም የእምነት ጠባቂም ነው። ቴይለር በአደኑ ጊዜ ጉሮሮው ላይ ስለቆሰለ መናገር አቅቶት አፈር ላይ ይጽፋል፤ ዛይየስ ከጽሑፉ የቀረውን ፊደል ያይና በዘንጉ ያጠፋዋል። በኋላም ቴይለር መብረር እንደሚቻል ለማሳየት ወረቀት አጥፎ ሲያስወነጭፍ ዚራና እጮኛዋ ቺምፓንዚው ኮርኔሊየስ ይደነቃሉ፤ ዛይየስ ግን ወረቀቱን ጨምድዶ ይጨብጠዋል። በልጅነቴ አዲስ ነገር የሚጠላ ክፉ ሽማግሌ አድርጌ ቆጥሬው ነበር። አሁን ሳየው እውነቱን ከሁሉም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው፤ ሰው ምድሪቱን አንድ ጊዜ እንዳጠፋ ስለሚያውቅ ዳግም እንዳያጠፋት ይፈራል። ዋሻ ውስጥ የተገኘችው የምትናገር የሰው አሻንጉሊት ይህን ካረጋገጠች በኋላ እንኳ ዋሻው እንዲዘጋ ያዛል። ፍርሃቱ መሠረት አለው፤ መደበቁን ግን ልቀበለው አልቻልኩም።

ትልቁ ፍንጭ ደግሞ ሁላችንም እየሰማን ያለፍነው ነው፦ ዝንጀሮዎቹ የሚናገሩት የቴይለርን ቋንቋ ነው። እኛ ነገሩን የፊልም ልማድ አድርገን ስለምንወስደው አንጠይቅም፤ ቴይለርም አይጠይቅም።

በሦስት እይታዎች ያመለጠኝን አንድ ምስል በአራተኛው አቁሜ አየሁት። ሐውልቱ ለእኛ ከመገለጡ ጥቂት ቀደም ብሎ ካሜራው ከላይ ወደ ታች ይመለከታል፤ ቴይለርና አብራው ያለችው መናገር የማትችል ሴት ኖቫ በፈረስ ሆነው በባሕሩ ዳር ሲመጡ ከፊት ለፊታችን የተደረደሩ ሹል ነገሮች ይታያሉ። የሐውልቱ ዘውድ ጨረሮች ናቸው።