ባለ አምስት ሲሊንደሯ ሞተሬ

ሁለት ዓመት ሙሉ ማታ ማታ ቶርኖ ላይ ቆሜ በሁለት እጅ የምትታቀፍ፣ በአየር የምትቀዘቅዝ ባለ አምስት ሲሊንደር ኮከብ ሞተር (ሲሊንደሮቹ በክራንኩ ዘንግ ዙሪያ እንደ ኮከብ የተደረደሩባት) ሠራሁ። አርአያዬ በ1927 እ.ኤ.አ. አብራሪውን ሊንድበርግን ከኒውዮርክ ፓሪስ ድረስ 33 ሰዓት ተኩል ሳታርፍ ያደረሰችው የአውሮፕላን ሞተር ራይት ዋርልዊንድ ጄ-5 ናት። እሷ ዘጠኝ ሲሊንደር ነበራት።

የሲሊንደሩ ቁጥር ለምን ጎዶሎ እንደሚሆን የገባኝ ወረቀት ላይ ክብ ስዬ ነው። እያንዳንዱ ሲሊንደር የሚተኩሰው በሁለት ዙር አንዴ ስለሆነ እሳቱ አንዱን እየዘለለ ይሄዳል፤ 1፣ 3፣ 5፣ 2፣ 4። ስድስት ቢሆኑ ከ5 በኋላ ተመልሶ 1 ላይ ይወድቃል፤ 2፣ 4 እና 6 ተራ አይደርሳቸውም።

ቢየላዎቹ፣ ማለትም ፒስተኖቹን ከክራንኩ ጋር የሚያገናኙት ዘንጎች፣ አንድ ወር በሉብኝ። ክራንኩን የሚይዘው ዋናው ብቻ ነው፤ አራቱ እሱ ላይ በፒን ይንጠለጠላሉ። የፒኖቹ መንገድ ደግሞ ትክክለኛ ክብ አይደለም። ፒስተኖቹ በእኩል ልዩነት ጫፍ ይደርሳሉ ብዬ ነበር፤ አንዳንዱ ቀደም፣ አንዳንዱ ዘግየት አለ። የእያንዳንዱን ጫፍ ለየብቻ ለክቼ እሳቱን አስተካከልኩ።

ዋናው ፈተና ግን ሙቀት ነበር። መጀመሪያ የአሉሚኒየሙን ቴስታታ (የሲሊንደሩን ክዳን) በጓርኒሲዮን (ክፍተት በሚደፍን ንጣፍ) እና በአራት ብሎን አሰርኩት። በአራተኛው ደቂቃ ድምፁ ተቀየረና ጠፋች። ስፈታው የጭስ ማውጫው ቫልቮላ ጠቁሯል፤ አንዱ ጠርዙ ላይ ብቻ ማረፉ ይታያል። የማቀዝቀዣ ቅጠል ጨመርኩ፤ ለውጥ የለም። ለካ ብሎኖቹ ሲጠብቁ የቫልቮላውን መቀመጫ አጣመውታል። ቫልቮላ ሙቀቱን በብዛት የሚያስረክበው ተዘግቶ መቀመጫው ላይ ሲያርፍ ነው፤ ካላረፈ ይነዳል።

መልሱን የሞተር መሐንዲሱ ሳሙኤል ሄሮን ከመቶ ዓመት በፊት አግኝቶታል፦ ቴስታታውን አግሎ በብረቱ በርሜል (በሲሊንደሩ አካል) ላይ መጠምዘዝ። ሲቀዘቅዝ ራሱ ይጨብጣል፤ ብሎን የለ፣ ጓርኒሲዮን የለ። ቫልቮላውንም ውስጡን ቦርቡሮ በከፊል ሶዲየም ሞላበት። ሶዲየም 98 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል፤ እየተናጠ ሙቀቱን ከጫፉ ወደ ዘንጉ ያወርዳል። ይህን ሰው ከልቤ አደንቀዋለሁ። ሶዲየም ውሃ ሲነካው ስለሚቀጣጠል እኔ አልደፈርኩም። ቴስታታውን ግን ምድጃ አስገብቼ፣ በርሜሉን ፍሪዘር አሳድሬ፣ በወፍራም ጓንት ጠመዘዝኩት። ከዚያ ወዲህ ሃያ ደቂቃ ትሠራለች።

አንድ ቀን ዘይት ወደ ታችኞቹ ሲሊንደሮች ወርዶ ሳላይ አስነሳኋትና ቢየላ ጠመመ፤ ዘይት አይታመቅም። አሁን ሁልጊዜ የታችኞቹን ሲሊንደሮች ካንዴላ ፈትቼ፣ ፕሮፔለሩን በእጄ ሁለት ሙሉ ዙር አዙሬ፣ ካንዴላውን መልሼ ነው የማስነሳት።