በረዶዬን በረዶ አደረግህብኝ

አዲስ አበባ 11 ዓመት ካሳፎርማ፣ ኮንክሪት የሚሞላበትን የሣንቃ ቅርጽ፣ ሠርቻለሁ። ዴንቨር እንደገባሁ ጋሼ፣ እዚህ ከኔ በፊት ብዙ ክረምት ያየ ያገሬ ሰው፣ "ተራራ ላይ የካሳፎርማ ሥራ አለ፣ ትመጣለህ?" ሲለኝ የምንሞላው ኮንክሪት መስሎኝ ነበር። ለካ በረዶ ነው።

የበረዶ ሐውልት ቀራጮቹ ከመድረሳቸው በፊት ብሎኩን የምናቆምላቸው እኛ ነን። እዚያው ኮሎራዶ ብሬከንሪጅ በሚካሄደው ትልቁ ውድድር አንዱ ብሎክ 12 ጫማ ቁመትና 25 ቶን ክብደት አለው። እኛ የምንሠራባት ከተማ ዝግጅት ከዚያ ያንሳል፤ ደንቡ ግን ያው ነው፦ ሞተር ያለው መሣሪያ ክልክል፣ ውስጡ ብረት ወይም እንጨት መደገፊያ ማስገባት ክልክል። መጋዝ፣ አካፋ፣ መሮ፣ በቃ።

ሣንቃውን እናቆማለን፣ ማሽን የተፋውን በረዶ እየዛቅን እንሞላለን፣ ከዚያ ስድስት ሰው ገብቶ የቤት ጭቃ እንደሚረገጥ ይረግጠዋል። ከሰማይ የሚወርደው ቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ስላለው አየር ይይዛል፤ የማሽኑ ግን ደቃቅና ድቡልቡል ነውና ተጠጋግቶ ይቀመጣል። ከተረገጠ በኋላ ዝም ብለህ ትተወዋለህ። ሲያድር ፍሬው እርስ በርሱ ይያያዛል፣ ጠዋት ሣንቃው ሲፈታ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ይህን "ዝም ብለህ ትተወዋለህ" የሚለውን ነው ያልነገሩኝ።

የመጀመሪያው ማታ ሁሉም ሲሄድ መሰላል ላይ ወጥቼ የብሎኩን አናት በእጄ ዳበስኩት። እንደ አሸዋ እፍኝ አለልኝ። እንዴት እንዲህ ያድራል? የለሰነ ኮንክሪት እንኳ ሳምንት ውሃ ካልጠጣ ይሰነጠቃል። ባልዲ አነሳሁ። ስድስት ጊዜ ተመላለስኩ፣ ጓንቴ ከባልዲው እጀታ ጋር ተጣበቀ፣ ሦስተኛው ላይ ግማሹ ሱሪዬ ላይ ፈሰሰ። ማንም ሳያዘኝ፣ ያለ ትርፍ ሰዓት ክፍያ! ተኝቼም ደስ ብሎኝ ነበር።

ጠዋት የቀራጮቹ ቡድን መሪ፣ ረጅም ሴት ናት፣ መጋዟን አናቱ ላይ ስታሳርፈው ተንሸራተተ። ደገመች፣ ተንሸራተተ። በጣቷ መገጣጠሚያ ኳ ኳ አድርጋ መታችውና ጆሮዋን አስጠጋች፤ የጎረቤት በር የምታንኳኳ ነው የሚመስለው። ከዚያ ሳቀች። አልተቆጣችም። የተቆጣው አለቃችን ነው።

መጥቶ ፊቴ ላይ ይጮሃል። እንግሊዝኛዬ ያን ጊዜ ለጩኸት የሚበቃ አልነበረም።

"ጋሼ፣ ምን እያለ ነው?"

"በረዶዬን በረዶ አደረግህብኝ ነው የሚልህ።"

"ታዲያ ቀድሞስ ምን ነበር?"

ጋሼ ትንሽ አሰበ። "እሱማ እኔም ገርሞኛል፤ እነሱ ግን ለሁለቱ ሁለት ስም አላቸው።"

ነገሩ ገብቶኛል፣ ኋላ። መጋዝ በለስላሳው ውስጥ እኩል ይሄዳል፤ መሐል ላይ የጠጠረ ንጣፍ ሲያገኝ ግን ይዞራል፣ ከሥሩ ያለው ይሰነጠቃል። ቡድኑ የዚያን ቀን ግማሽ ያሳለፈው እኔ ያጠጣሁትን ቅርፊት በመሮ ሲፈነቅል ነው። ፀሐይ በደቡቡ በኩል ሳትጠነክር መጀመር የነበረባቸው ሰዎች ናቸው። ይህን አልክድም።

እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ ሌላ ነው። እኔ ለአለቃው "ካሳፎርማ ፈትተን እናውቃለን፣ ከመሙላታችን በፊት ልዩነቱን አስረዳን" በልልኝ ብዬ ነበር። ጋሼ ረዘም አድርጎ ተናገረለት። አለቃው ዝም አለ፣ ትከሻዬን መታ አድርጎኝ ሄደ። እኔ መልእክቴ የሰረጸ መስሎኝ ሁለት ቀን ቀና ብዬ ስሄድ ሰነበትኩ።

ሦስተኛው ቀን ቡና ላይ ጋሼን "ምን ብለህ ነው እንዲህ ያበረድከው?" አልኩት።

"ይቅርታ ይልሃል፣ ሁለተኛ አይለመደውም፣ አልኩት።"

"እኔ መቼ ይቅርታ አልኩ?"

"ልጄ፣ የተናገርከውን ብተረጉም ኖሮ ሁለታችንም ዛሬ ቡና አንጠጣም ነበር።"

በማግሥቱ ዓመት ማሽኑ ተበላሸና ከሰማይ በወረደው ሞላን። ደረቅ ነው፣ ብትረግጠው ብትረግጠው አይያዝም። አለቃችን ገበሬ የተባይ መድኃኒት የሚረጭበትን ዓይነት መርጫ ጀርባው ላይ አንግቦ ብቅ አለ፤ በየንጣፉ መሐል ስስ አድርጎ ውሃ እየረጨ "እንዲህ ነው!" ይለናል። ያዘለት ደግሞ። የባለፈውን ዓመት ባልዲ ያነሳው የለም።

ጋሼን በክርኔ ነካሁት። "ያን ይቅርታዬን ይመልስልኝ በለው።"

ጋሼ ጉሮሮውን ጠረገና ረዘም አድርጎ ነገረው። አለቃው አውራ ጣቱን አሳየኝ። ምን እንዳለው አልጠየቅኩም።