ኩሬ ከመቆፈራችሁ በፊት ስለ አሳ ጫጩት እናውራ

ሰሞኑን የማገኘው ወጣት ሁሉ "ኩሬ ቆፍሬ አሳ ላረባ ነው" ይለኛል፣ እውነት ለመናገር በጣም ነው ደስ የሚለኝ፣ ምክንያቱም እኛ አገር አንድ ሰው በዓመት የሚበላው አሳ በአማካይ አንድ ኪሎ እንኳን አይሞላም፣ በዓለም ደረጃ ግን 20 ኪሎ አካባቢ ነው። ያውም ጣና፣ ዝዋይ፣ ሐዋሳ፣ ጫሞ እያሉን። አብዛኞቻችን አሳ ትዝ የሚለን ሁዳዴ ሲገባ ነው (ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለአባቶች ልተወውና)፣ ያኔ ሁሉም ጉላሽና ለብለብ ሲያምረው ዋጋው ይሰቀላል፣ አስጋሪውም ትንሹንም ትልቁንም ጠራርጎ ያወጣል።

ሀይቆቹ ደግሞ ደክመዋል። ጣና ላይ ነጭ አሳ የምንላቸው ዝርያዎች አብዛኞቹ ሌላ የትም ዓለም የሉም፣ ክረምት ሲገባ እንቁላላቸውን ለመጣል ወደ ጉማራና ርብ ወንዝ ይወጣሉ፣ ሰውም ይሄን ስለሚያውቅ ልክ ወንዙ አፍ ላይ መረብ ዘርግቶ ይጠብቃቸዋል። የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ በ70ዎቹ መጨረሻ ከገባ ወዲህ ነጭ አሳው በጣም ነው የቀነሰው። የአሳ አዋጁ 315/1995 ከወጣ ስንት ዓመቱ፣ ግን እናቲቱን ሳትወልድ እየበላናት ነው።

ስለዚህ ኩሬ ጥሩ ሀሳብ ነው። ችግሩ የት ነው? ሰው ኩሬውን ይቆፍራል፣ ፕላስቲክ ያነጥፋል፣ ውሃ ይሞላል፣ ከዛ ወንድና ሴት የተደባለቀ የቆሮሶ (ቲላፒያ የሚባለው አሳ) ጫጩት ይለቅበታል። ቆሮሶ ደግሞ ለመውለድ የሚያህላት የለም፣ ሴቷ እንቁላሏን አፏ ውስጥ ይዛ ነው የምትፈለፍለው፣ ስለዚህ ብዙው ይተርፋል፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ኩሬው ጣት በምታክል አሳ ይሞላና ምግብ እየተሻሙ ማናቸውም አያድጉም። ባለቤቱም "ዘሩ አይረባም" ብሎ ይተወዋል፣ ኩሬው የእንቁራሪት ቤት ይሆናል። በጣም ያሳዝነኛል፣ ዘሩ እኮ ምንም አልሆነም!

መፍትሄው ይታወቃል። ወንዱ ከሴቷ ቶሎ ስለሚያድግ ወንድ ወንዱን ለይቶ መልቀቅ ነው፣ በእጅ ገልብጦ አይቶ መለየት ይቻላል፣ ግን የለመደ እጅ ይፈልጋል። ወይ ደግሞ ቆሮሶው ትንሽ ካደገ በኋላ የተወሰነ አምባዛ መጨመር፣ አምባዛው አዲስ የሚፈለፈሉትን እየበላ ቁጥሩን ይይዝልሃል። ምግቡ ላይ ብዙ አልጨነቅም፣ ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ አለ፣ ውሃውም በፍግ አረንጓዴ ሲል አሳው የሚበላው ነገር ራሱ ይበቅላል። ልኩን ለማወቅ እጅህን እስከ ክርንህ ንከረው፣ ጣቶችህ ካልታዩህ ይበቃል ፍግ አትጨምር። ጠዋት በማለዳ አሳዎቹ ወደ ውሃው ፊት ወጥተው አፋቸውን ከፈት ከደን ካደረጉ አየር አጥሯቸዋል ማለት ነው፣ ቶሎ ንጹህ ውሃ ልቀቅባቸው። ደጋ ላይ የምትኖሩ ደግሞ አስቡበት፣ ውሃው ከ20 ዲግሪ ሲወርድ ቆሮሶ መብላትም ማደግም ይቀንሳል።

ግብፅን ተመልከቱ፣ በዓመት ከአንድ ሚሊየን ቶን በላይ አሳ ከእርባታ ያገኛሉ፣ አብዛኛው ያው እኛ ጣና ላይ ያለው ቆሮሶ ነው። እነሱ ጋር ጫጩት የሚያፈላና መኖ የሚያመርት ድርጅት በየቦታው አለ፣ አርቢው እንደ ዶሮ አርቢ ጫጩቱን ገዝቶ ብቻ ነው የሚጀምረው። እኛ ጋር ጫጩት ከሰበታ ምርምር ማዕከልና ከጥቂት ቦታዎች ፈልጎ፣ በላስቲክ ውሃ ውስጥ ጭኖ፣ ግማሹ መንገድ ላይ ሳይሞት ማድረስ ራሱ ትልቅ ስራ ነው። ለዚህ ነው ለወጣቶች ኩሬ ማስቆፈሪያ ከሚሰጠው ብድር ግማሹ በየአካባቢው ወንድ ወንዱን ለይቶ ለሚሸጥ ጫጩት አራቢ ቢሰጥ የምመርጠው፣ አንድ ጎበዝ ጫጩት አራቢ ካለ በዙሪያው ያለው ኩሬ ሁሉ ይሰራል።